ዲስክና ታምቡር በአንድ መኪና ላይ፦ የአሮጌ ከባድ ተሽከርካሪዎች ፍሬን በየካ ቁልቁለቶች

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ)



የዛሬው ንግግሬ አንድ ጥያቄን ይመለከታል። የተሽከርካሪ ምሕንድስናን ሳስተምር ከሃያ ዓመታት በላይ ሆኖኛል፤ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ከተማሪዎች፣ ከባለንብረቶችና ከመካኒኮች በተለያየ አነጋገር የሚቀርብልኝ ጥያቄ ነው። «በአሮጌ የጭነት መኪና የፊት አክስል ላይ ያለውን ታምቡር አውጥተን በምትኩ ዲስክ ፍሬን ብናስገባ መኪናው ይሻሻላል ወይ?» ይላሉ። መልሴን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ዲስኩ ለብቻው ሲመዘን ከታምቡሩ የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ መኪና ግን በአንድ አክስል አይቆምም። አንዱን አክስል ስንለውጥ የሌላውንም ሥራ እንለውጣለን። ይህን ለውጥ ሳንለካ ከተውነው፣ በሜዳ ላይ እጅግ ጥሩ ፍሬን ያለው መኪና በቁልቁለት ላይ ፍሬን ሊያጣ ይችላል። የሚቀረው ጊዜዬ ይህ ለምን እንደሚሆንና ምን ማድረግ እንደሚገባን ለማስረዳት ነው።

ቁልቁለቱ ምን ይጠይቃል?

ጥያቄው በየካ ልዩ ክብደት አለው። ክፍለ ከተማችን በሰሜን በኩል የተደገፈው በእንጦጦ ተራሮች ላይ ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ ቁልቁለት መሆኑን እዚያ ለሚኖር ሰው መንገር አያስፈልግም። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ሰው የጫኑ አውቶቡሶች ወደ ተራራው መመላለሳቸው ጨምሯል። ከመገናኛ ተነሥቶ በላምበረትና በኮተቤ አድርጎ ካራን የሚሻገረው መንገድ በለገጣፎና በሰንዳፋ በኩል ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም ወደ ደሴ ያመራል። ከየካ ጋራዥ ተጠግኖ የወጣ መኪና በማግስቱ ጣርማ በርን አልፎ፣ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ሲወርድ ሊያድር ይችላል። ጋራዡ የሚጠግነው ለመገናኛ አደባባይ ብቻ እንዳልሆነ ማሰብ ያለበት ለዚህ ነው።

ቁልቁለት ከፍሬን የሚጠይቀውን በቀላል ሒሳብ እንይ። ጠቅላላ ክብደቱ 15 ቶን የሆነ ባለ ሁለት አክስል መኪና በቋሚ ፍጥነት እየሄደ ቀጥ ብሎ ሲለካ 100 ሜትር ቢወርድ፣ ወደ ሙቀት መለወጥ ያለበት ኢነርጂ 14.7 ሜጋ ጁል ነው። አራቱ ታምቡሮች እያንዳንዳቸው 50 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ እንበል፤ በድምሩ 200 ኪሎ ግራም ብረት ማለት ነው። ሞተሩ ምንም ባያግዝና ነፋስ ምንም ባያበርድ፣ ይህ ሙቀት ታምቡሮቹን በ147 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያግላቸዋል። 300 ሜትር ከወረደ የሙቀቱ ጭማሪ ከ440 ዲግሪ ያልፋል። በእርግጥ ነፋስ ያበርዳል፣ ማርሽ ይይዛል፣ የጎማው ተቃውሞም ያግዛል። ነገር ግን ስሌቱ የነገሩን ልክ ያሳየናል። ቁልቁለት ላይ ያለ ፍሬን ዋና ሥራው መኪናን ማቆም አይደለም፤ ሙቀትን መሸከም ነው።

ሙቀት ደግሞ ሸክም ነው፤ ስለ ሸክምም አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለዋል። አራት ጎማዎች በክብደታቸው መጠን የተካፈሉት ሙቀት ሁሉንም አይጎዳም። ያው ሙቀት በሁለት ጎማዎች ላይ ሲወድቅ ግን እነዚያን ሁለቱን ያቃጥላቸዋል። ዲስክና ታምቡርን የማዋሐድ ችግር በመሠረቱ የዚህ ክፍፍል ችግር ነው።

ሁለቱ ፍሬኖች በምን ይለያያሉ?

ሁለቱም አዲስ ፈጠራዎች አይደሉም። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር ለዲስክ ፍሬን የባለቤትነት መብት የወሰደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ነው። ያም ሆኖ ከባዱ የጭነት መኪና ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ከታምቡር አልወጣም። መርሴዲስ በ1996 ያወጣው አክትሮስ በሁሉም ጎማዎቹ ላይ ዲስክ ይዞ ሲመጣ የአውሮፓ ከባድ መኪናዎች ሽግግር በጉልህ ታየ። በአገራችን «ኤንትሬ» እያልን የምናውቀው ፊያት 682 የተሠራው ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ፣ ሙሉ በሙሉ ለታምቡር ታስቦ ነው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን ከውጭ በማስገባት ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። አገር ውስጥ ያለውን አሮጌ መኪና ግን አዋጁ አያድሰውም፤ እሱን በሕይወት የሚያቆየው ጋራዡ ነው።

የታምቡር ፍሬን ዋና ባሕርይ ራሱን በራሱ ማጠናከሩ ነው። ሸራው የተመታበት ቅስት ወደሚሽከረከረው ታምቡር ሲገፋ፣ በመሽከርከሩ አቅጣጫ ያለውን ቅስት ሰበቃው ራሱ ይጎትተውና ይበልጥ ያጣብቀዋል። ስለዚህ በትንሽ ግፊት ብዙ የማቆም ጉልበት ይገኛል። በተለመደው የሰበቃ መጠን፣ አንድ መሪና አንድ ተከታይ ቅስት ያለው ታምቡር የተሰጠውን የመግፊያ ኃይል ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ አድርጎ ይመልሳል። ዲስክ ይህ ጸጋ የለውም፤ የሚመልሰው ከተሰጠው ስምንት ዐሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። ተመሳሳይ ጉልበት ለማግኘት ዲስኩ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል መጨበጥ አለበት። ዲስኩና ካሊፐሩ በቸርኬው ውስጥ መግባት ስላለባቸው የሚይዘው ራዲየስም ከታምቡሩ ያነሰ ነው፤ ልዩነቱ በዚያው መጠን ይሰፋል።

የታምቡሩ ጸጋ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ሸራው ሲግል የሰበቃው መጠን ይቀንሳል። በዲስክ ላይ ሰበቃ በ20 በመቶ ቢቀንስ የማቆም ጉልበቱም በ20 በመቶ ይቀንሳል። በታምቡር ላይ ግን ሰበቃው ብቻ ሳይሆን ራሱን የማጠናከር ችሎታውም አብሮ ስለሚደክም፣ ጉልበቱ ከ20 በመቶ በላይ ይወርዳል። በዚህ ላይ ብረቱ ራሱ ይለጠጣል። ስፋቱ 410 ሚሊ ሜትር የሆነ ታምቡር በ300 ዲግሪ ቢግል ስፋቱ በ1.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጨምራል። ታምቡሩ ከሸራው እየሸሸ ስለሚሄድ፣ በአየር በሚሠራ ፍሬን ላይ የመግፊያው ዘንግ የበለጠ ርቀት መጓዝ ይኖርበታል። ማስተካከያው አስቀድሞ የላላ ከሆነ ዘንጉ መጨረሻው ላይ ይደርስና ፔዳሉ ቢረገጥም የሚገፋ ነገር አይኖርም። ዲስክ ሲግል ግን ወደ ፓዱ ይወፍራል እንጂ አይሸሽም። ዲስክን የሚያወድሱ ሰዎች ይህን ሲሉ እውነታቸውን ነው።

በለስላሳ ፍሬን ላይ የሚደበቀው ችግር

ፊት ዲስክ፣ ኋላ ታምቡር የሆነ አሠራር በራሱ ስሕተት እንዳልሆነ ግልጽ ላድርግ። ፋብሪካዎች በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መኪናዎችን በዚህ መልክ ሠርተዋል። የኋላው ታምቡር ለእጅ ፍሬን ይመቻል፣ ከጭቃ የተከለለ ነው፣ ሸራውም በየሰፈሩ ይመታል። ይሁን እንጂ ፋብሪካው ሁለቱን ያገናኛቸው እንዲሁ አይደለም። በዘይት በሚሠሩት ላይ የኋላ ቅስቶች ታምቡሩን እስኪነኩ ድረስ የፊቱን ግፊት ለጊዜው የሚይዝ ቫልቭ፣ የኋላውን ግፊት እንደ ጭነቱ የሚመጥን ሌላ ቫልቭ ይገጥማል። በአየር በሚሠሩት ላይ የአየር ክፍሎቹንና የቫልቮቹን የመክፈቻ ግፊት ያመጣጥናል። በጋራዥ የሚደረገው ቅየራ አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩን ያመጣና እነዚህን ይተዋቸዋል።

ውጤቱን በምሳሌ ላሳይ። የታምቡር ቅስቶችን ወደ ቦታቸው የሚመልስ ጠንካራ ስፕሪንግ አለ፤ ፍሬኑ መሥራት ከመጀመሩ በፊት ግፊቱ ይህን ስፕሪንግ ማሸነፍ አለበት። ለምሳሌ ያህል የኋላው ታምቡር በ0.5 ባር መያዝ ይጀምር፣ የፊቱ ዲስክ ደግሞ በ0.2 ባር ይጀምር። ከዚያ በኋላ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ሁለቱ አክስሎች እኩል ይጨምሩ እንበል። ሾፌሩ ለድንገተኛ ማቆም 6 ባር ቢረግጥ፣ ለፊቱ 5.8፣ ለኋላው 5.5 ባር ይደርሳል፤ ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። መኪናው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ባለንብረቱም ተደስቶ ይከፍላል።

አሁን ይኸው መኪና ከእንጦጦ ይውረድ። ሾፌሩ የሚያስፈልገው ፍጥነቱን መያዝ ብቻ ስለሆነ የሚረግጠው 0.8 ባር ነው። ለፊቱ 0.6፣ ለኋላው 0.3 ባር ይደርሳል። የፊቱ አክስል የኋላውን እጥፍ ሠራ ማለት ነው፤ ከሙቀቱ ሦስት እጅ ሁለቱን ተሸከመ። የፊቶቹ ሁለት ዲስኮች እያንዳንዳቸው 30 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ ቀደም ሲል ባሰላነው የ100 ሜትር ቁልቁለት ላይ የሙቀታቸው ጭማሪ 327 ዲግሪ ይደርሳል። በዚያው ጊዜ የኋላ ታምቡሮች የሚግሉት በ98 ዲግሪ ብቻ ነው። አራት ታምቡሮች በነበሩበት ጊዜ ሁሉም የሚግሉት በ147 ዲግሪ እንደነበር አስታውሱ። ቁጥሮቹ ለማስረጃ የተመረጡ ናቸው፤ በእውነተኛ መኪና ላይ ይለያያሉ። ምክንያታቸው ግን አይለወጥም። የተሻለ የተባለው ፍሬን አብዛኛውን ጭነት ለብቻው ተሸክሞ ይነዳል፤ ኋላ ያለው፣ በጭነት መኪና ላይ አብዛኛውን ክብደት የያዘው አክስል፣ ቀዝቅዞ ይከተላል። በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎች ሳይመጣጠኑ ሲቀሩ ብርቱው ቀድሞ እንደሚደክም ገበሬ ያውቃል።

ተሳቢ ባለው መኪና ላይ ይኸው ነገር በጎታቹና በተሳቢው መካከል ይደገማል። ጎታቹ ዲስክ፣ ተሳቢው ታምቡር ከሆነና ግፊታቸው ካልተመጣጠነ፣ በረጅም ቁልቁለት ላይ ጎታቹ የራሱንም የተሳቢውንም ሸክም ይይዛል፤ ተሳቢውም ከኋላ ይገፋዋል።

ከፍታችን የሚጨምረው ጣጣ

እስካሁን የተናገርኩት በአየር ስለሚሠሩ ከባድ መኪናዎች ነው። መለስተኛ የሆኑትን፣ በተለይ በየገበያው የምናያቸውን አሮጌ አይሱዙዎች የመሰሉትን፣ ፍሬናቸው በዘይትና በቫኪዩም አጋዥ የሚሠራውን ስንመለከት ሌላ ሰንሰለት እናገኛለን። ዲስክ ብዙ መጨበጥ ስለሚፈልግ የካሊፐሩ ፒስተን ትልቅ ይሆናል። ትልቅ ፒስተን ብዙ ዘይት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ማስተር ሲሊንደሩ መስፋት አለበት። ማስተር ሲሊንደሩ ሲሰፋ በአንድ ዓይነት የእግር ኃይል የሚገኘው ግፊት ይቀንሳል። ያን ለማካካስ አጋዡ መጠናከር አለበት።

የቫኪዩም አጋዥ ጉልበት የሚያገኘው ከከባቢ አየር ግፊት ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ይህ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ በእንጦጦ ጫፍ ላይ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። አጋዡም በዚያው መጠን ይደክማል። በባሕር ዳርቻ ከተማ የተሞከረ የቅየራ ዕቃ እዚህ ሲገጠም ሾፌሩ ፔዳሉ «ድንጋይ ሆነ» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰንሰለቱ በሰበቃ ጀምሮ በአየር ንብረት ያበቃል፤ አንዱን ቀለበት ብቻ የለወጠ ሰው የቀሩትን አላያቸውም።

የፍሬን ዘይቱም ከዚህ አያመልጥም። «ዶት 3» የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን የሚጠበቅበት ዝቅተኛ መጠን 140 ዲግሪ ነው። እነዚህ ልኬቶች የባሕር ወለል ልኬቶች ናቸው። በአዲስ አበባ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ሁሉ የፍሬን ዘይትም እዚህ ቀደም ብሎ ይፈላል። አንድ የሚያታልል ነገር ልጨምር። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ግፊቱ ዘይቱን ከመፍላት ያግደዋል። አረፋው የሚፈጠረው እግሩን ባነሣበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ፍሬኑ ሲሠራ ቆይቶ ለአፍታ ዕረፍት ካገኘ በኋላ፣ ቀጣዩ ረገጣ ባዶ ይሆናል። የዲስክ ካሊፐር ደግሞ ፒስተኑን በቀጥታ ከጋለው ፓድ ጀርባ ስለሚያስቀምጥ፣ ለዚህ አደጋ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

ምርመራው የሚያየውና የማያየው

መኪናው ዓመታዊ ምርመራውን ካለፈና ቦሎውን ከለጠፈ ነገሩ አልቋል የሚል አስተሳሰብ አለ። በሮለር ላይ የሚደረገው ምርመራ ጠቃሚ ነው፤ የእያንዳንዱን ጎማ ጉልበትና የግራና የቀኙን ልዩነት ያሳያል። ነገር ግን የሚለካው ቀዝቃዛ ፍሬንን፣ ለጥቂት ሰከንዶች፣ በጠንካራ ረገጣ ነው። የኛ ቁልቁለት የሚፈትነው የጋለ ፍሬንን፣ ለብዙ ደቂቃዎች፣ በለስላሳ ረገጣ ነው።

ይህን ልዩነት ዓለም አቀፉ ደንብም ያውቀዋል። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 13 ለከባድ መኪናዎች ከቀዝቃዛው ፈተና ሌላ የቁልቁለት ፈተና ያዛል፤ ጭነቱን የያዘ መኪና ተስማሚ ማርሽ አስገብቶ፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየነዳ፣ 6 በመቶ ዘንበል ባለ ቁልቁለት ላይ 6 ኪሎ ሜትር የሚወርደውን ያህል ሙቀት ተሸክሞ ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደሚያቆም ይለካል። ይህ ማለት 360 ሜትር ከፍታ መውረድ ነው። የአባይ በረሃ ቁልቁለት፣ ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ፋብሪካው መኪናውን ሲያስመዝን ያለፈውን ፈተና፣ ፍሬኑን የለወጠ ጋራዥ በአዲስ መልክ ማለፍ ይጠበቅበት ነበር ማለት ተገቢ ነው።

ምን ይደረግ?

አራት ነገሮችን በአጭሩ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ያለውን ታምቡር ሳናድስ ዲስክ አንመኝ። ክፍተቱ የተስተካከለ፣ ታምቡሩ ከልክ በላይ ያልተጠረበ፣ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ሸራ የተመታለት፣ አየሩ የማይፈስ አሮጌ መኪና በቁልቁለት ላይ በደንብ ያገለግላል። ከዲስክ ይገኛል የምንለው ጥቅም አብዛኛው በዚህ ይገኛል፤ ወጪውም አይወዳደርም።

ሁለተኛ፣ ቅየራው የግድ ከሆነ ስሌቱ ከዕቃው በፊት ይቅደም። በባዶና በሙሉ ጭነት የእያንዳንዱ አክስል ድርሻ፣ የማስተር ሲሊንደሩ ወይም የአየር ክፍሉ መጠን፣ የቫልቮቹ የመክፈቻ ግፊት፣ በዚህ ከፍታ የአጋዡ አቅም በወረቀት ላይ መስፈር አለባቸው። አራቱ ካልተሟሉ ሥራው አይጀመር።

ሦስተኛ፣ ከቅየራው በኋላ የሚለካውን እንለውጥ። እዚያው ሮለር ላይ ግፊቱን ቀስ በቀስ ከዜሮ እያሳደጉ እያንዳንዱ አክስል የሚጀምርበትን ግፊት መመዝገብ ይቻላል፤ አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም። በተጨማሪም ጭነት የያዘው መኪና ከታወቀ ቁልቁለት እንደወረደ የአራቱን ጎማዎች ሙቀት ከርቀት በሚለካ ቴርሞሜትር ማንበብ የደቂቃ ሥራ ነው። ፊቱ ግሎ ኋላው ከቀዘቀዘ፣ መኪናው ራሱ መልሱን ነግሮናል። ለመመረቂያ ሥራ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች፣ ከዚህ የተሻለ ላቦራቶሪ ያለው ዩኒቨርሲቲ ብዙ አይደለም፤ ተራራው ከጀርባችን ነው።

አራተኛ፣ ሞተሩ ከሁሉም የሚልቅ ፍሬን መሆኑ አይረሳ። ነባር ሾፌሮቻችን «ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ» ሲሉ ያስተማሩት ትክክለኛ ምሕንድስና ነው። በማርሽ የተያዘ መኪና ሙቀቱን በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው በኩል ያስወጣዋል፤ ሸራው የሚሸከመው የተረፈውን ብቻ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል በዜሮ ማርሽ የሚወርድ ሾፌር፣ ዲስክም ይኑረው ታምቡር፣ ያን ሁሉ ሙቀት ለጎማዎቹ አሳልፎ ይሰጣል።

በመጨረሻ ለተማሪዎቼ አንድ ቃል አለኝ። ነገ ከእናንተ አንዳንዶቹ በዚህ ዓይነት ቅየራ ላይ እንድትፈርሙ ትጠየቃላችሁ። ባለንብረቱ የሚያሳያችሁ በግቢው ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ መኪና ይሆናል፤ ያየው እውነት ስለሆነም አትንቀፉት። ከመካኒኩ ጋር ተቀመጡ፤ እጁ የሚያውቀውን ጠይቁት፣ ስሌታችሁንም በሚገባው ቋንቋ አስረዱት። ከዚያም ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ቁጥሮችን ጠይቁ፦ ፊቱ በስንት ባር ይጀምራል? ኋላው በስንት ባር ይጀምራል? ከቁልቁለቱ በኋላ የእያንዳንዱ አክስል ሙቀት ስንት ነው? ቁጥሮቹን የሚሰጣችሁ ከሌለ አትፈርሙ። በዚያ መኪና ውስጥ ሾፌርና ረዳት አሉ፤ ከቁልቁለቱ ግርጌ ደግሞ መንገድ የሚያቋርጡ ሰዎች አሉ፤ ፊርማው የሚጠየቀው ስለ እነርሱ ነው።